ሞተሩ እስኪሞቅ

«ወደ ግራ! ዓይኔ ላይ ሳይሆን ብረቱ ላይ አብሪው እንጂ!»

ወርቅውሃ የመስተዋቱን ስባሪ ትንሽ አዘነበለችው። ከግቢው የተቀበለችው የፀሐይ ብርሃን በመኪናዋ ሆድ ሥር ተንሸራቶ፣ የአባቷን ጢም አልፎ፣ ካምቢዮው ላይ አረፈ። አባቷ እንግዳው በጀርባው ተንጋሏል። የቡሎን መፍቻው ጫፍ ላይ የውሃ ቧንቧ ቁራጭ ሰክቶ በሁለት እጁ ይጎትታል። መፍቻው ሲረዝም ጉልበት ይጨምራል፤ ሁመራ ሳለ የትራክተር ቡሎን የሚያጠብቀው እንዲህ ነበር።

የዘይት መያዣው ጥግ ላይ ያለው ቡሎን አንድ ጊዜ ጮኸ። ደግሞ ጮኸ። ከዚያ ጩኸቱ ቆመ፤ መፍቻው ግን መዞሩን አላቆመም። ገንፎ ውስጥ እንደገባ ማንኪያ፣ ያለ ምንም ትግል፣ ለስለስ ብሎ ዞረ።

አባቷ እጁን ገታ። ብረቱን አየና «ጠበቀ» አለ።

አባት ሲዋሽ መስማት ብርቅ አይደለም። አባቶች «ነገ እገዛልሻለሁ» ይላሉ፣ «አላመመኝም» ይላሉ፤ ልጅ የሆነ ሁሉ ይህን ያውቃል። ይህኛው ውሸት ግን ለወርቅውሃ የተነገረ አልነበረም። ለራሱ ነበር የነገረው፤ ራሱም አላመነውም።

መኪናዋ የሐጂ አብዱልናስር ናት። ከወርቅውሃ ዕድሜ በላይ የኖረች፣ አረንጓዴ፣ ረጅም፣ ከኋላዋ ሁለት ክንፍ የቀሰረች አሜሪካን ሠራሽ። ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ ሎሪ እንደ ዝንብ ነው፤ እንዲህ ያለች መኪና ግን አንድ ናት። ፍሪሲዮን የላትም። ነጂው ማርሽ ሲቀይር አይውልም፤ ራሷ ትቀይራለች። ለዚህ ሥራ የምትጠጣው ዘይትም ሌላ ነው፣ እንደ ከርከዴ ሻይ የቀላ። ይህ ቀይ ዘይት ከጎደለ ሞተሩ የፈለገውን ያህል ቢጮኽ ጎማው አይዞርም። ባለበት ይቆማል።

ሐጂ ሰሊጥ ነጋዴ ናቸው፤ የወሎ ሰው፣ ከገዳሪፍ ተወላጅ ይበልጥ ገዳሪፍን የሚያውቁ። ዘይቱ ከሥር መንጠባጠብ ሲጀምር መኪናዋን ይዘው ወደ ወርሻው መጡ። እዚህ አገር ጋራዡን ወርሻ ነው የሚሉት።

«እንግዳው፣ አውቶማቲክ ታውቃለህ?» አሉ።

«እንዴ ሐጂ! ጎንደር ሳለሁ የአውራጃ አስተዳዳሪውን መኪና ፈትቼ የገጠምኩ እኔ አይደለሁ?»

ወርቅውሃ አጠገባቸው ነበረች። አባቷ የአውራጃ አስተዳዳሪ መኪና የነካው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ጭቃ ውስጥ ስትያዝ ከኋላ ገፍቶ። እሱ የትራክተር ሰው ነው። ስለ ትራክተር ቢጠይቁት ዓይኑን ጨፍኖ ይመልሳል። ስለ ሌላው ግን ዓይኑን ገልጦ ይዋሻል።

ለምን እንደዋሸም ታውቃለች። ከወርሻው ጀርባ ያለችው የሚኖሩባት ክፍል የሐጂ ናት። ፖሊስ ለከሻ ወጥቶ፣ ፈቃድ የሌለውን ስደተኛ ከየመንገዱ እየለቀመ ለካምፕ ሲጭን፣ «እነዚህ የእኔ ሰዎች ናቸው» የሚሉት ሐጂ ናቸው። መኪናዋ ከዳነች እንግዳውን የእርሻቸው መካኒክ አድርገው ይቀጥሩትና የከተማ ፈቃድ ያወጡለታል፤ ክረምቱ ሲወጣ ወርቅውሃ ከልጃቸው ከራሒማ ጋር ትምህርት ቤት ትገባለች። ካልዳነች ክፍሏ ለሌላ፣ ለሚያውቅ መካኒክ ትፈለጋለች። መካኒክ ያልሆነ እንግዳው ደግሞ ቦታው ኡም ራኩባ ነው።

ኡም ራኩባ ካምፕ ውስጥ ታናሽ ወንድሟ ስማቸው አለ። ደርግ የሁመራን እርሻ ከወረሰ በኋላ ትራክተር ነጂዎቹን ለጦር ሜዳ መልቀም ሲጀምር፣ አባቷ እናቷንና ሁለቱን ልጆች ይዞ በሐምዳይት ተሻገረ። ስማቸው ድንበሩን የተሻገረው ከአባቱ ትከሻ ሳይወርድ ነው። በካምፑ ኩፍኝ የገባ ጊዜ ከእህል መጋዘኑ ጀርባ ቀበሩት። በቤታቸው ስለዚህ አይወራም።

በማግስቱ ዘይቱ ባሰበት። በፊት ቀስ እያለ ነበር የሚንጠባጠበው፤ አሁን ከሥር የተነጠፈው ካርቶን ሙሉ ለሙሉ ቀላ።

ከወርሻው ደጅ፣ ከኒም ዛፉ ሥር ጎማ የሚጠግነው ጋረደው አንገቱን አሰገገ። ጋረደው የጭልጋ ሰው ነው፤ ሰው ሳይተርብ ከዋለ ራቱ የማይረጋለት።

«እንግዳው! ትራክተርህ ከርከዴ መሸጥ ጀመረች እንዴ? ለእኔም አንድ ብርጭቆ አስቀዳልኝ እንጂ!»

«አንተ ጎማህን ንፋ» አለ አባቷ ቀና ሳይል።

«ጎማ ሲያልቅበት ነው ጉራ የሚነፋ» አለች ወርቅውሃ።

«ኧረ ይች ልጅ! ምላሷን ሞርዶ የሰጣት ማን ይሆን? አንችን የሚያገባ ሰው ጆሮውን ቤቱ ትቶ ይምጣ።»

ጋረደው ሳቀ። አባቷ አልሳቀም። ካርቶኑን ቀይሮ እንደገና ተንጋለለ። የቧንቧውን ቁራጭ አሁን አላነሳውም፤ ወርቅውሃ ይህንንም አየች።

ከሰዓት በኋላ ራሒማ ደብተሮቿን ደረቷ ላይ አቅፋ እየሮጠች መጣች። በየቀኑ ትመጣለች። ትምህርት ቤት የተማረችውን፣ ዓረብኛውንም እንግሊዝኛውንም፣ ወርሻው ደፍ ላይ ተቀምጣ ለወርቅውሃ ትደግምላታለች። ዕቃ እንደምታራግፍ ሰው ነው የምታስተምረው፤ ወርቅውሃ ግን አንዲት ነገር መሬት አታስወድቅም።

«ወርቄ፣ ተዓሊ፣ ነይ ነይ! ወሬ አለኝ። ሐሙስ ኒው ሀልፋ ልንሄድ ነው! የአክስቴ ሠርግ!»

«በምን?»

«በመኪናችን ነዋ! ወላሂ በሎሪ ከሆነ አልሄድም ብዬ አባባን አስቸገርኩት። አባትሽ እስከ ሐሙስ ይጨርሳታል ብሎኛል።»

«ማን ማን ነው የሚሄድ?»

«አባባ፣ እማማ፣ እኔ፣ ሕፃኑ።»

«ሕፃኑም?»

«ታዲያ ለማን ትተነው? ገና ይጠባል እኮ።» ራሒማ ትኩር ብላ አየቻት። «ምነው? ፊትሽ ልክ አይደለም።»

«ሙቀቱ ነው» አለች ወርቅውሃ።

ሙቀቱ እውነት ነበር። ግንቦት ነው፤ ዝናቡ ገና አልመጣም፤ ሜዳው ላይ ከቀትር በኋላ ወፍ እንኳ አትበርም። ከዋናው መንገድ ወደ ኒው ሀልፋ ከተገነጠሉ በኋላ ጥላ የሚባል ነገር የለም። ቢሆንም ፊቷን የለወጠው ሙቀቱ አልነበረም። እንግዲህ በዚህ ግቢ የሚዋሹት ሁለት ሆኑ ማለት ነው።

ረቡዕ ጠዋት ወርቅውሃ ጋረደው አጠገብ ቁጢጥ ብላ ሥራውን ታይ ጀመር። ጋረደው የተነፋ የጎማ ካላማደሪያ ውሃ ወደሞላ ግማሽ በርሜል ውስጥ እየነከረ ያሽከረክራል። አንድ ቦታ ላይ አረፋ ፈላ። ጣቱን አስቀመጠበት።

«በዓይን ብትፈልገው አታገኘውም?»

«በዓይን? እስከ መስከረም ትፈልጊዋለሽ። ውሃ ስታስገቢው ግን ራሱ ያሳብቃል።»

መኪና በርሜል ውስጥ አይነከርም። ግን ሐሳቡ ከአእምሮዋ አልወጣም። እስካሁን አባቷም እሷም ያዩት ዘይቱ የሚወድቅበትን ቦታ ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ሲያፈስ ውሃው ማገሩን ተከትሎ ሄዶ አልጋው ላይ ይንጠባጠባል፤ ቀዳዳው ግን ከአልጋው በላይ አይደለም፣ ሌላ ጥግ ነው። ዘይቱም ከላይ ወርዶ ቢሆንስ? ካምቢዮው ዙሪያውን ስለራሰ መነሻው አይለይም። ታጥቦ ቢደርቅ፣ ከዚያ እርጥብ ሲነካው የሚያስታውቅ ነገር ቢነሰነስበት...

እናቷ ያለምወርቅ ክፍሉ ውስጥ ልብስ ትጥፍ ነበር።

«እማዬ፣ ዱቄት ስጭኝ።»

«ለምን?»

«ለመኪናዋ።»

እናቷ መርፌዋን አቆመች። ኡም ራኩባ ውስጥ ለአንድ ስፍር ዱቄት ከጎህ እስከ ቀትር የተሰለፈች ሴት ናት።

«ለብረት?» አለች።

«የሚያፈሰውን ላገኘው ነው። ካላገኘነው...»

«አትንገሪኝ። ካላገኛችሁት የሚሆነውን አውቃለሁ።» ተነሥታ ከጥግ ባዶ ከረጢት አወጣች። «ይችን አራግፊ። ከዚያ በላይ ግን አንዲት ጭብጥ ብትነኪ እጅሽን እሰብረዋለሁ።»

አባቷ አልወደደውም። መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ «ይሁን» አለ፣ ከዚያ ነጭ ጋዝና ጨርቅ አመጣ። ሁለቱ ካምቢዮውን እስኪያብረቀርቅ አጠቡት፤ አደረቁት። ወርቅውሃ ከረጢቱን ከሥር አራገፈችው። ዱቄቱ በብረቱ ላይ እንደ ጉም ተኛ፤ ፊቷ ላይም ተኛ። ጋረደው ከዛፉ ሥር «አሁን ደግሞ ሊጠብሷት ነው!» አለ፤ የሚመልስለት አላገኘም።

ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ዘይት መለኪያ ዘንጉን መዘዘችው። ጫፉ ላይ ሁለት ምልክት አለ፤ አጠገቡ በእንግሊዝኛ የተቀረጹ ቃላት። ራሒማ ካራገፈችላት መካከል ነበሩ፦ ሞተር፣ እየሠራ፣ ትኩስ።

«አባዬ፣ እስካሁን ስትለካው የነበረ ሞተሩን አጥፍተህ፣ ቀዝቅዞ ነው አይደል?»

«ዘይት ታዲያ እንዴት ሊለካ ኖሯል?»

«ይች ሞቃ፣ ሞተሩ እየሠራ ነው የሚለካላት። ተጽፏል።»

አባቷ ዘንጉን ተቀብሎ አገላበጠው። ማንበብ አይችልም። ቢሆንም እንደሚያነብ ሰው አየው፤ ከዚያ ቀስ ብሎ መለሰላት። «እሽ» አለ። ያን ያህል ትንሽ «እሽ» ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

እሱ መሪው ላይ ተቀምጦ ፍሬን ረገጠና ማርሹን አንድ በአንድ እያስገባ አቆያት። እሷ መስተዋቷን ይዛ ከሥር ገባች። መጀመሪያ ምንም የለም። ሁሉም ነጭ። ሞተሩ ሞቀ፤ ጀርባዋን መሬቱ ፊቷን ብረቱ አጋላት። ከዚያ ከላይ፣ የዘይት መለኪያው ቱቦ ካምቢዮው ውስጥ የሚገባበት ቦታ ላይ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ነጥብ ቀላች። ነጥቧ ረዘመች፤ ክር ሆና በዱቄቱ መሐል ወረደች፤ የዘይት መያዣው ጠርዝ ላይ ደርሳ ወደ ጥግ ታጠፈች።

«አባዬ! ከታች አይደለም! ከላይ ነው! ከላይ ነው የሚመጣው!»

አጥፍተው ቱቦውን ነቀሉት። ሥሩ ላይ ቀጭን የጎማ ቀለበት ነበረች፤ ደርቃ እንደ ቋንጣ የተሰነጣጠቀች። ወርቅውሃ ስትነካት እጇ ላይ ተፈረፈረች። ጋረደው፣ ምንም ቢሆን ሰው ነውና፣ የቆሻሻ ጣሳውን ገለባብጦ ከተጣለ የውሃ ፓምፕ የወጣች ልክዋን አመጣ። «ለሠርግሽ በስጦታ ይያዝልኝ» አለ። ቀለበቷ ቦታዋን ያዘች። አባቷ ስትገባ «ቅጭ» ያለችውን ሰምቶ ፈገግ አለ። ጥርሱን ካየችው ብዙ ጊዜ ሆኗት ነበር።

እንደገና አጠቡ። ከረጢቱ የቀረችውን ሁሉ ተፋ። እንደገና አስነሡ። ከላይ ያለው ነጭ እንደሆነ ቀረ፤ ሞተሩ ሞቀ፣ አሁንም ነጭ ነው። ወርቅውሃ ልትጮኽ አፏን ከፈተች።

ያን ጊዜ ጥጉ ቀላ።

ያ ቡሎን። አባቷ በቧንቧ ያጠበቀው። ሞተሩ ሲጠፋ በጣቷ ብታዞረው ያለ መፍቻ ወጣ፤ ጥርሱ ላይ እንደ ክር የተጠመጠመ የሚያብረቀርቅ ፍቅፋቂ ይዞ። የካምቢዮው ቤት ብረት አልነበረም፤ የድስት አልሙኒየም ነው። የትራክተሩ ብረት የቻለውን ጉልበት ይህ አልቻለም። ከቡሎኑ ቀዳዳ ተነሥታ ወደ ውስጥ የምትሄድ፣ ፀጉር የምታህል ስንጥቅም ነበረች። ዘይቱ በእሷ ነው የሚያልበው።

ከሥር ሳትወጣ ቆየች። የመኪናዋ በሽታ አንዲት ቀለበት ብቻ ነበረች። ልኳ ከጋረደው ጣሳ የሚገኝ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያያት ቀለበት። ስንጥቁን መኪናዋ ይዛው አልመጣችም። እዚህ ነው የተሰጣት።

አባቷ ጎንበስ ብሎ ፊቷን አየ። መጠየቅ አላስፈለገውም።

«ይበየዳል?» አለችው።

«አልሙኒየም የሚበይድ እዚህ የለም። ካርቱም ይኖር ይሆናል። ካምቢዮውን ሙሉውን አውርዶ፣ በባቡር ልኮ...» አልጨረሰውም። መሬቱ ላይ ተቀምጦ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አኖረ። ትልልቅ እጆች ናቸው። ምን እንደሚያደርግባቸው የቸገረው ይመስል ነበር።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል አባቷ የልብስ ሳሙና ይዞ መጣ። ከጥጥ ጋር ቀላቅሎ እንደ ሊጥ አሸው። ከሥር ገብቶ ስንጥቁ ላይ በአውራ ጣቱ ጠቀጠቀው፣ ቡሎኑን መልሶ አስቀመጠው፣ ከላይ አቧራና አሮጌ ግሪስ ቀባበት። ሲጨርስ ሳሙና ያለ አይመስልም። ከሥራዎቹ ሁሉ ይህን አሳምሮ ሠራው።

ወርቅውሃ ቆማ አየችው።

«ሲሞቅ ይቀልጣል።»

«መንገዱን ያጋምሳል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ መንገድ ነው። መንገድ ላይ ስንት መኪና ይበላሻል! ሐጂ ሲነዷት ተበላሸች ይባላል፣ አለቀ።»

«ሕፃን አለ አባዬ። ራሒማ አለች።»

«ውሃ ይይዛሉ። ሎሪ ያልፋል።»

«ባያልፍስ?»

«ያልፋል አልኩሽ!» ድምፁ ወጣ፤ መልሶ ዝቅ አደረገው። ከክፍሉ በር በኩል እናቷ ልብስ ስትዘረጋ ትታያለች። «እናትሽ በየጠዋቱ ከመጋዘኑ ጀርባ እየሄደች ድንጋዩን ስታስተካክል አልነበር? ንፋሱ አነሣበት፣ ፍየል ረገጠበት እያለች? እዚህ ከመጣን ነው ልብስ የሰፋች፣ እዚህ ከመጣን ነው የበላች። ወደዚያ ልመልሳት? አንች ትመልሻታለሽ?»

ወርቅውሃ መልስ አጥታ አታውቅም። ለጋረደው መልስ አላት፣ ለፖሊስም መልስ አላት፣ ዓረብኛዋን ለሚያሾፉባት የሰፈር ልጆች በዓረብኛቸው መልስ አላት። አሁን ግን የመስተዋቱን ስባሪ በጨርቅ መጥረግ ያዘች።

ያን ማታ ለራሒማ የምትነግራትን እየፈለገች ተኛች። «አትሂዱ» ብትላት «ለምን?» ትላለች። ከ«ለምን» በኋላ የሚመጣው ዓረፍተ ነገር በየትም በኩል ቢዞር አባቷ መሐሉ ላይ አለበት። ውሸታም ሆኖ። ይህ ከራሒማ አፍ ለሐጂ ሲነገርበት ታያት። ሌላ አገላለጥ ፈለገች፤ እሱም ውስጥ አባቷ አለ።

ሐሙስ ጠዋት ሐጂ አብዱልናስር ነጭ ጀለቢያ ለብሰው፣ ሽቶ ተቀብተው መጡ። ሚስታቸው ሕፃኑን በተከናነቡት ቶብ ሸፍነው ከኋላ፣ ራሒማ ሂና የተቀባ እጇን እያሳየች ከፊት። ዕቃው ተጫነ። ሐጂ ጀለቢያቸውን ሰብስበው ጎንበስ አሉና ካርቶኑን አዩ። ደረቅ ነበር። ዘንበል ብለው ከሥር አዩ። ደረቅ።

«ማሻአላህ! እንግዳው፣ እጅህ ይባረክ! ስንቱ መካኒክ ነው "እሷማ አልቆላታል" ያለኝ!»

«የእግዜር ሥራ ነው ሐጂ» አለ አባቷ። መሬት መሬት እያየ።

«ስመለስ የእርሻውን ነገር እንጨርሳለን። የፈቃዱንም። ቃሌ ነው።»

እናቷ በበሩ በኩል ሰማች። ወርቅውሃ ዞር ብላ ስታያት እናቷ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ነበር፤ ከሥሩ እየሳቀች እንደሆነ ያስታውቃል።

ሁሉም ገቡ። ሐጂ ቁልፉን አዞሩ። ሞተሩ በአንዴ ተነሣ፤ ጤነኛ ይመስል ነበር። ሐጂ በመስኮት አንገታቸውን አወጡ።

«ወርቄ፣ አንችም ከሥር ስትለፊ ከርመሻል አሉኝ። ምን ላምጣልሽ ከሠርጉ?»

«ምንም ሐጂ።» «አይንቀሳቀሱ ገና።»

«ምነው?»

«ይች መኪና ዘይቷ የሚለካ ሞቃ፣ ሞተሩ እየሠራ ነው። ዘንጉ ላይ ተጽፏል። ትሙቅና አይተዋት ይሂዱ።»

«አባትሽ አልለካውም?»

«ቀዝቅዛ ነው የለካት። ፍሬን ይያዙና ማርሹን አንድ በአንድ ያስገቡላት። በደንብ እስክትሞቅ። ከዚያ ወርደው ከሥሯ ይመልከቱ።» በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው። «እነ ራሒማም ይውረዱ፤ ለሕፃኑ ውስጡ ይግላል።»

ሐጂ ሳቁ። «ያ ሰላም! እንግዳው፣ ልጅህ ኡስታ፣ ዋና መካኒክ ሆናልሃለች! ምን ትላለህ አንተስ?»

አባቷ መኪናዋ አጠገብ ቆሟል። አንድ ቃል ይበቃው ነበር። «አያስፈልግም ሐጂ፣ ትናንት ሞቃ አይቻታለሁ» ቢል፣ ሐጂ የሚያምኑት እሱን ነው እንጂ አንዲትን ልጅ አይደለም። ወርቅውሃ ያን ቃል ጠበቀችው። አባቷ አፉን ከፈተ። የሐጂ ሚስት ሕፃኑን ታቅፈው እየወረዱ ነበር፤ የበሯ ደፍ ሲያስቸግራቸው እጁን ሰጣቸው።

ከዚያ ጎንበስ ብሎ አንድ ድንጋይ አነሣና ከፊት ጎማው ሥር ሸጎጠው፤ መኪናዋ እንዳትንሸራተት።

«ትሙቅ» አለ።

ወርቅውሃን አላያትም።

እሷ ወደ ክፍሉ ገባች። እናቷ የውሃ ጣሳ ይዛ መሐል ላይ ቆማ ነበር፤ ፊቷ ላይ ያ ሳቅ አሁንም አልጠፋም።

«ሄዱ?»

«ገና ናቸው።»

«ፈቃዱን አለ አይደል? በጆሮዬ ነው የሰማሁ፤ ፈቃዱንም አለ።»

ወርቅውሃ ተንበረከከችና የመኝታውን ሰሌን ከጥጉ ጀምራ መጠቅለል ያዘች። እናቷ አየቻት። መጀመሪያ ያልገባት መሰለች፤ ከዚያ ሰሌኑ ግማሽ ሲደርስ ሳቁ ከፊቷ ቀስ ብሎ ወረደ። ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጠች። «ማን አለሽ?» አላለችም፣ «ምን አደረግሽ?» አላለችም። ከበሩ ጀርባ ልብስ የተሰጣበትን ገመድ መፍታት ጀመረች።

ውጭ ሞተሩ ይሠራል። ጥቂት ቆይቶ የመኪናዋ በር ሲከፈት፣ የሐጂ ጫማ አሸዋው ላይ ሲወርድ ተሰማ። ከዚያ ድምፃቸው፤ አሁን ሳቅ የለበትም።

«እንግዳው። ና እስቲ። ይኸ ምንድን ነው?»

ወርቅውሃ ሰሌኑን ለእናቷ ተወችላት። አባቷ ብቻውን እንዳይቆም ወጣች።